እናት ያጡ ቡችሎችን በእጅ ማሳደግ፦ ከወተቱ በፊት ሙቀቱ

የዛሬ ሦስት ዓመት ክረምት ላይ፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚያወርደው የሐረጎ መንገድ አንዲት ውሻ መኪና ገጫት። ጡቷ ያበጠ ስለነበር ልጆች እንዳሏት ገባን። የሰፈር ልጆች ሲፈልጉ ቆይተው ከአንድ የፈረሰ ካብ ሥር አራት ቡችሎች አወጡ። ዓይናቸው አልተገለጠም፣ እትብታቸው ገና አልደረቀም። እኔም እንደ ማንም ሰው መጀመሪያ ያሰብኩት ወተት ነው። አሞቅኩና አንዱን እንደ ሕፃን በጀርባው አንጋልዬ በማንኪያ ጨመርኩለት። ትን አለው፤ ወተቱ በአፍንጫው ወጣ። በማግስቱ ሞተ። ሦስቱ አደጉ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ እናት አልባ ቡችሎች እጄ ላይ ወድቀዋል፤ ያላስቸገርኩት የእንስሳት ሐኪምም የለም። የተማርኩት ዋናው ነገር ይህ ነው፦ ደሴን በመሰለ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ በሆነ አገር፣ ጨቅላ ቡችላን ቀድሞ የሚገድለው ብርድ ነው፤ ረሃብ ከኋላ ይመጣል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለውን ቅደም ተከተል አታዛቡት።

ከማንሳታችሁ በፊት

እናትየው በእርግጥ የለችም? ውሻ ምግብ ፍለጋ ልጆቿን ትታ ትወጣለች። ቡችሎቹ ሆዳቸው ሞላ ያለ፣ ሰውነታቸው የሞቀ፣ ተደራርበው ጸጥ ብለው የተኙ ከሆነ እናታቸው ቅርብ ናት፤ ራቅ ብላችሁ ሁለት ሰዓት ያህል ጠብቁ። ተበታትነው፣ ቀዝቅዘው፣ ሳያቋርጡ የሚያለቅሱ ከሆነ ግን አንሷቸው። ዝናብ ካለ ሁለት ሰዓቱንም አትጠብቁ።

ሌላው ጥያቄ እናትየው በምን ሞተች የሚለው ነው። ከመሞቷ በፊት ያለ ምክንያት ሰው ወይም ከብት ነክሳ፣ ለሃጯ ተዝረክርኮ፣ ስትንገዳገድ ታይታ ከሆነ የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላል፤ ቡችሎቹንም ልሳቸዋለች። እንዲህ ያሉትን በባዶ እጅ አትንኩ፤ የወረዳውን የእንስሳት ሐኪም ጥሩ። የነካ ሰው ቁስል ወይም ጭረት ካለው በሳሙናና በወራጅ ውሃ 15 ደቂቃ ታጥቦ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ። የባህል መድኃኒት ይዞ ቀን መቁጠር ሰው ገድሏል፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚያድን ነገር የለም።

አንደኛ፦ ማሞቅ

ቡችላ በመጀመሪያው ሳምንት እንደ እኛ ተንቀጥቅጦ መሞቅ አይችልም። እናቱ ማሞቂያው ናት። በዚያ ሳምንት ጤነኛ የሆነ ቡችላ የሰውነቱ ሙቀት ከ35 እስከ 37 ዲግሪ ነው፤ ከ35 ሲወርድ አንጀቱ ሥራ ያቆማል። በዚያ ሰዓት የሰጣችሁት ወተት ሳይፈጭ ሆዱ ውስጥ ይቀመጣል፣ ይነፋዋል፣ ተመልሶ ሲመጣም ወደ ሳምባ ይገባል። የእኔን ቡችላ ያጠፋው አንዱ ይህ ነው።

ቴርሞሜትር ከሌላችሁ ትንሿን ጣታችሁን ታጥባችሁ አፉ ውስጥ አስገቡ። ምላሱ ከቀዘቀዘና ጣታችሁን ለመጥባት ካልሞከረ ወተት አታሳዩት።

የቀዘቀዘውን ቡችላ ደረቅ ጨርቅ ጠቅልላችሁ በጋቢ ሥር ደረታችሁ ላይ አድርጉት፤ ቆዳ ለቆዳ ቢገናኝ የተሻለ ነው። ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ሊፈጅ ይችላል፣ አትቸኩሉ። ምድጃ ዳር ማስጠጋት ወይም ሙቅ ውሃ ውስጥ መንከር በድንገት ያሞቀዋል፤ እሱም ይገድላል። እየሞቀ ሳለ ስኳር በለብ ያለ ውሃ በጥብጣችሁ በጣታችሁ ጫፍ ድዱን አንድ ሁለቴ ቀቡት። ይህ የሚመገበው አይደለም፤ የደም ስኳሩ እንዳይወርድ ነው። የሞተ መስሎ ዝም ያለ ቡችላ በዚህ መንገድ ሲነቃ አይቻለሁና ቶሎ ተስፋ አትቁረጡ።

ከዚያ ለሁሉም አንድ ቤት ሥሩላቸው። ጥልቅ ካርቶን ይበቃል፣ እንቅብም ይሆናል። ከሥሩ ያረጀ ብርድ ልብስ አንጥፉ፤ ክሩ የሚፈታ ሹራብ ግን እግራቸውን ስለሚጠልፍ አይሆንም። ሁለት የሃይላንድ ጠርሙስ ሙቅ ውሃ ሙሉ፤ የፈላ ከሆነ ፕላስቲኩ ይጨማደዳል፣ ቡችሎቹንም ያቃጥላል። በካልሲ ወይም በፎጣ ጠቅልላችሁ በካርቶኑ አንድ ወገን ብቻ አስቀምጡ። ሌላው ወገን ቀዝቀዝ ይበል፤ የሞቀው ቡችላ ድሆ የሚሸሽበት ያስፈልገዋል። ውሃውን በየሁለት ሰዓቱ ቀይሩ። አምስት ሊትር ጀሪካን ካላችሁ ሌሊቱን ዘለግ አድርጎ ይይዝላችኋል። አምፖል የሚያስቡ ሰዎች አሉ፤ የዛሬው ኤል ኢ ዲ አምፖል ያበራል እንጂ አያሞቅም።

በተዘጋ ክፍል ውስጥ የከሰል ማንደጃ አጠገባቸው አታድርጉ። ጭሱ የማይታይ መርዝ ነው፤ ከናንተም በፊት ትንንሾቹን ይወስዳል።

የሚተኙበት ቦታ በመጀመሪያው ሳምንት ከ29 እስከ 32 ዲግሪ፣ በሁለተኛው ከ27 እስከ 29፣ በሦስተኛው ከ24 እስከ 27 ቢሆን ጥሩ ነው። ቁጥሩን መለካት ካልቻላችሁ እነሱን ተመልከቱ፦ አንዱ በአንዱ ላይ ተከምረው ካለቀሱ በርዷቸዋል፤ እርስ በርስ ተራርቀው እየለከለኩ ከሆነ ሞቋቸዋል፤ ጎን ለጎን ተነካክተው ከተኙ ደህና ናቸው። ባቲ፣ ቆቦ ወይም ከሚሴ ላላችሁ ይህ ሁሉ ጨርቅና ጠርሙስ ለሌሊት ነው፤ ቀን ላይ ጥላና አየር የሚገባበት ቦታ ፈልጉ።

ሁለተኛ፦ የምታጠባ ውሻ ፈልጉ

ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል፣ እኔ ግን ከሁሉም የተሻለው መንገድ ይህ ነው እላለሁ። የእናት እንገር በሽታ መከላከያ የሚሰጠው በተወለዱ በመጀመሪያው 24 ሰዓት ነው፤ ከዚያ በኋላ አንጀታቸው አያሳልፈውም። ቡችሎቹ ዛሬ የተወለዱ ከሆነ፣ በቅርብ የወለደች ውሻ አንድ ቀን ብቻ እንኳ ብታጠባላችሁ ትልቅ ነገር ነው።

ሰፈሩን ጠይቁ፤ እረኞችን፣ ወፍጮ ቤት የሚሠሩትን። ልጆቿ ጥቂት የሆኑ፣ ባለቤቷን የምትታዘዝ፣ ቁንጫ ያላጠቃት ውሻ ትመረጥ። የእናንተን ቡችሎች በእሷ ጎጆ ጨርቅ አሹና ሽታዋን ይያዙ። ባለቤቷ አንገቷን እያሻሸ ሲያባብላት ከልጆቿ መካከል አስገቡ። ከላሰቻቸው አበቃ። ካጉረመረመች አስወጡና ከጥቂት ሰዓት በኋላ ድገሙ። ለብቻቸው አትተዉ፤ ሁለተኛው ጊዜ ላይ ኩታበር አካባቢ ያገኘናት ውሻ ቀኑን ሙሉ አጥብታ ማታ አንዱን በጥርሷ ጨምድዳ ወርውራዋለች። ተርፏል፣ ግን ሌሊቱን እኔ ቤት አደረ።

ሦስተኛ፦ ወተቱ

የላም ወተት ለቡችላ ቀጭን ነው። የውሻ ወተት ፕሮቲኑም ቅባቱም ከላም ወተት ከእጥፍ በላይ ነው፤ የላሙ ደግሞ ስኳሩ በዝቶ ያስቀምጠዋል። ለቡችላ የተሠራ የዱቄት ወተት ካገኛችሁ በእሽጉ ላይ እንደተጻፈው በጥብጡና የሚከተለውን ዝለሉ። ያ በማይገኝበት የምንሠራው ይህን ነው፦

ስልባቦቱ ያልተነሣ የላም ወተት 250 ሚሊ ሊትር፣ የሦስት እንቁላል አስኳል፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የምግብ ዘይት፣ በሁለት ጣት የምትያዝ ቁንጥር ጨው።

ወተቱን እያማሰላችሁ አፍሉት። ካልማሰላችሁ ቅባቱ ስልባቦት ሆኖ ይነሣና የቀረው ውሃ ይሆናል። ጥሬ ወተት አትስጡ፤ የሳምባ ነቀርሳና የውርጃ በሽታ ይዞ ይመጣል፣ ለእናንተም ጭምር። ጣት የሚችለው ያህል ሲበርድ አስኳሉንና ዘይቱን ጨምራችሁ ምቱት፤ በትኩሱ ከጨመራችሁ አስኳሉ ይረጋል። የእንቁላሉን ነጭ አትጨምሩ። በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ አጥልሉት፣ ጥቃቅን ቁራጭ የጡጦ ቀዳዳ ይደፍናል። የፍየል ወተትም በዚሁ መንገድ ይሠራል። ፍሪጅ ካለ ለ24 ሰዓት ይቆያል፤ መብራት የሚጠፋበት ሰፈር ከሆነ በግማሽ መጠን ጠዋትና ማታ አዲስ አዘጋጁ።

ይህ ለችግር ጊዜ የሚሆን ነው፤ ለሦስት ሳምንት ግን አሳድጎልኛል። ስኳር አትጨምሩበት። ቅቤ አስውጡት፣ አብሽ አጠጡት የሚል ምክር መምጣቱ አይቀርም፤ አመስግናችሁ እለፉት።

አራተኛ፦ አጠጣጡ

ቡችላ ከእናቱ ሲጠባ በሆዱ ተኝቶ፣ አንገቱን በመጠኑ ቀና አድርጎ፣ በፊት እግሮቹ ጡቷን እየገፋ ነው። እናንተም ፎጣ ላይ በሆዱ አስተኙት። ጭንቅላቱን ወደ ኋላ አታንጋልሉት። በጀርባው አታስተኙት፤ ይህን ሁለት ጊዜ ብጽፈው ደስ ይለኛል። ወተት ወደ ሳምባ ከገባ የሚመጣው የሳምባ ምች ጨቅላ ቡችላን የሚምረው ከስንት አንድ ነው።

የሕፃን ጡጦ ለትልልቆቹ ይሆናል፤ ጡጦውን ስትዘቀዝቁት ወተቱ ጠብ፣ ጠብ ማለት አለበት። ሳያቋርጥ የሚወርድ ከሆነ ቀዳዳው ሰፍቷል፣ ጣሉት። ለትንንሾቹ ከፋርማሲ የሚገኘው 5 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ መርፌው ወጥቶ የተሻለ ነው፦ አንድ ጠብታ ምላሱ ላይ፣ ሲውጥ ሌላ ጠብታ። መገፍተር የለም። ወተቱን የእጃችሁ አንጓ ላይ አንጠባጥቡት፤ ሙቀቱም ቅዝቃዜውም ካልተሰማችሁ ልክ ነው።

መጠኑ በክብደት ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ለእያንዳንዱ 100 ግራም ክብደት በቀን ከ15 እስከ 20 ሚሊ ሊትር ስጡ። 300 ግራም የሚመዝን ቡችላ በቀን ከ45 እስከ 60 ያስፈልገዋል፤ ለስምንት ጊዜ ሲካፈል በአንድ ጊዜ 6 ወይም 7 ሚሊ ሊትር ይደርሳል። ሆዱ በአንድ ጊዜ የሚችለው በ100 ግራም 4 ሚሊ ሊትር ያህል ነው፤ ስለዚህ አንድ ማጠጫ ካመለጣችሁ በሚቀጥለው አጥፋችሁ አትስጡት። በመጀመሪያው ቀን ከዚህም ቀንሱ፤ ሆዱ ይልመደው።

በመጀመሪያው ሳምንት በየሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ይጠባሉ፣ ሌሊትም ጭምር። የእኔ የሌሊት ሰዓት ሦስት፣ ስድስት፣ ዘጠኝና አሥራ ሁለት ነበር። የዘጠኙ ነው ሰው የሚፈትነው፤ የአሥራ ሁለቱንስ የንጋቱ ሶላት ሱብሂ ቀድሞ ቀስቅሶኝ ስለሚቆይ በእንቅልፍ አላለፈኝም። በሁለተኛው ሳምንት በየአራት ሰዓቱ፣ በሦስተኛው በየአምስት ስድስቱ ይበቃል።

ካጠጣችሁ በኋላ ቀጥ አድርጋችሁ ይዛችሁ ጀርባውን በጣት መታ መታ አድርጉና ያግሳ። ጡጦውንና ሲሪንጁን ወዲያው አጥባችሁ በፈላ ውሃ አሳልፉ።

ትን ካለው ወዲያው አቁሙ፤ አፉን ወደ ታች አዘንብላችሁ ወተቱ ይፍሰስ፣ አፍንጫውን ጥረጉ። በየጊዜው ትን የሚለውና ወተት በአፍንጫው የሚወጣው ቡችላ ካለ አፉን ከፍታችሁ ላንቃውን እዩ። ላንቃው የተሰነጠቀ ከሆነ በጡጦ አያድግም፤ ወደ ሐኪም ውሰዱት።

አምስተኛ፦ ሽንትና ሰገራ

ጨቅላ ቡችላ ካልተነካካ አይሸናም። እናቱ በምላሷ የምታደርገውን እናንተ ለብ ባለ ውሃ በነከራችሁት ጥጥ ታደርጉታላችሁ፦ ከማጠጣታችሁ በፊትም በኋላም ከሆዱ ግርጌ እስከ ፊንጢጣው በቀስታ አብሱት። ከጥቂት ሰኮንድ በኋላ ይመጣል። በኋላ አድርቁት። እስከ ሦስት ሳምንት ገደማ ይህ አይቀርም። ሽንቱ ገርጣ ያለ ከሆነ ጥሩ ነው፤ ከጠቆረና ካነሰ ውሃ አንሶታል። ሰገራው ቢጫና ለስለስ ያለ ይሁን። ቀጥኖ ከፈሰሰ ወተቱን ፈልቶ በበረደ ውሃ በግማሽ አቅጥናችሁ ለአንድ ቀን ሞክሩ፤ ካልተሻለው ሐኪም ጋ ነው።

በየቀኑ ጠዋት መዝኑ

የባለሱቁ የስኳር ሚዛን ይበቃል፣ ከፈቀደላችሁ። ቡችላ በቀን ከ5 እስከ 10 ከመቶ መጨመር አለበት፣ በ10 ቀን ገደማም የተወለደበትን ክብደት እጥፍ ይሆናል። ሁለት ቀን ባለበት የቆመ ቡችላ ታሟል፤ ማልቀስ ሳይጀምር ሚዛኑ ይነግራችኋል። የሚመሳሰሉ ከሆነ የኋላ እግር ጥፍራቸውን በተለያየ የጥፍር ቀለም ለዩ። አንገታቸው ላይ ክር አትሰሩ፤ በሳምንት ውስጥ ያድጉና ያንቃቸዋል።

እትብቱን በመጀመሪያው ቀን አዮዲን ንኩት፤ በሁለት ሦስት ቀን ደርቆ ይወድቃል። ዓይናቸው ከ10 እስከ 14 ቀን ይገለጣል። ቀድሞ ካበጠ ወይም መግል ካለው ሐኪም ይየው፣ በጣት አትክፈቱት።

ቁንጫ ትንሽ ነገር አይምሰላችሁ፤ የትንሽ ቡችላን ደም መጥጦ ይጨርሳል። ድዱ ነጭ ከሆነ ምልክቱ ያ ነው። ለብ ባለ ውሃና ለስላሳ ሳሙና አጥባችሁ፣ በቅማል ማበጠሪያ አበጥሩና ወዲያው አድርቁ። ለእህል ወይም ለትኋን የሚረጨውን መድኃኒት አትርጩባቸው። ቁንጫው ይሞታል፣ ቡችላውም ይከተላል።

ሦስተኛው ሳምንት ሲያልቅ

ጥርስ ሲያበቅሉና ጡጦውን ማኘክ ሲጀምሩ ምግብ ይለምዳሉ። ያንኑ ወተት በዝርግ ሳህን አቅርቡ፤ መጀመሪያ ይራመዱበታል፣ ግድ የለም። ቀጥሎ የተቀቀለ እንቁላል በወተት የተፈጨ፣ የሳሳ ገንፎ፣ ያለ ጨውና ያለ ቅመም ተቀቅሎ የደቀቀ ሥጋ። በአምስት ስድስት ሳምንት ጡጦው ይቀራል።

የቤት ትራፊ ላይ ግን ጠንቀቅ በሉ። ወጣችን ሁሉ ሽንኩርት አለበት፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይሰብራል። በፍትፍት ያደጉ ውሾች ሞልተዋል ትሉኝ ይሆናል። አዎ፤ ያላደጉትን ማን ቆጠራቸው? ሌላው የበዓል እርድ ነው። በፋሲካም በዐረፋም በጉ ሲታረድ ጉበቱ ወይም ሳምባው ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ከታየ ‹‹ለውሻ ጣለው›› ይባላል። ያ ከረጢት የኮሶ ትል እጭ ነው፤ ውሻው ሆድ ውስጥ አድጎ እንቁላሉ በሰገራው ይወጣና ወደ ሰው ልጆች ይመለሳል። ቅበሩት ወይም አቃጥሉት።

የሚሰገድበት ቤት ከሆነ

ወሎ ነን፣ ይህን ሳይነካ ማለፍ አይቻልም። ሻፊዒ በሚባለው የእስልምና ሕግ መንገድ (መዝሀብ) የውሻ ምራቅ ነጃሳ፣ ማለትም ርኩስ ነው፤ የነካው ዕቃ ሰባት ጊዜ፣ ከሰባቱም አንዱን በአፈር ይታጠባል። ስለዚህ ካርቶኑን ከመስገጃው ርቆ በረንዳ ወይም ማዕድ ቤት ጓሮ አድርጉት፤ ጡጦው፣ ጨርቁ፣ ማሰሮው የራሱ ይሁን፤ ለሥራው አንድ አሮጌ ልብስ መድቡ፣ ጓንት ወይም ፌስታል እጃችሁ ላይ አጥልቁ። ንጽሕናው ለቡችሎቹም ይጠቅማል። ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤቴ ቡችሎቹን አንድ ቀን በእጇ ነክታ አታውቅም፤ ወተቱን ግን በየጠዋቱ ከላሟ በሲኒ ሳይሆን በጆግ ታመጣልኝ ነበር። ‹‹አብሽር ልጄ፣ ለተጠማ ውሻ ውሃ ያጠጣ ሰው እንኳ ምሕረት አግኝቷል›› ትለኛለች፣ ከደጃፉ ቆማ።

ወስፋትና ክትባት

ወስፋት ቡችላ ሳይወለድ ከእናቱ ማኅፀን ይጋባዋል፤ ስለዚህ ማንም ቡችላ የለበትም አይባልም። ሁለት ሳምንት ሲሞላው የወስፋት መድኃኒት ይጀምራል፣ እስከ ስምንት ሳምንት ድረስ በየሁለት ሳምንቱ ይደገማል። መጠኑን በክብደቱ ሐኪም ይወስን። ልጆቻችሁም ቡችላ ከያዙ በኋላ እጃቸውን ይታጠቡ፤ ወስፋቱ እነሱንም ይይዛል።

ከ6 እስከ 8 ሳምንት የመጀመሪያው የቡችላ ክትባት፣ ከዚያ በየሦስት አራት ሳምንቱ ድጋሚ፤ በሦስት ወሩ የእብድ ውሻ ክትባት። እንገር ያላገኘ ቡችላ ከሌላው ይልቅ ለበሽታ የተጋለጠ ነውና ክትባቱ እስኪያልቅ ከመንገድ ውሾች አርቁት። ቦረና ሳይንት ወይም አቡነ ዮሴፍ አካባቢ ላላችሁ ደግሞ ሌላ ምክንያት አለ፦ እነዚያ ተራሮች ቀይ ቀበሮ ከቀረባቸው ጥቂት ቦታዎች ናቸው፤ ያልተከተበ ውሻ የሚያስተላልፈው የእብድ ውሻ በሽታና ዲስተምፐር የሚባለው የውሻ በሽታ መንጋውን ሊፈጅ ይችላል።

ለሌላ ሰው የምትሰጡ ከሆነ ከስምንት ሳምንት በፊት አትስጡ፤ መንከስን የሚማሩትም መተውን የሚማሩትም ከወንድምና እህቶቻቸው ጋር ሲታገሉ ነው። ብቻውን የቀረ አንድ ቡችላ ካላችሁ ክትባት የጨረሰ ገር ውሻ አገናኙት፣ አለዚያ ጥርሱን በእናንተ እጅ ላይ ይለማመዳል። ስትሰጡም የወስፋት መድኃኒቱ የተሰጠበትን ቀንና የሚቀረውን ክትባት በወረቀት ጽፋችሁ ለሚወስደው ሰው በእጁ ስጡት፤ በቃል የተነገረ ቀን ሐረጎን ሳይወርድ ይረሳል።